የሸዋን ተራሮች በቀለም የጻፈው ሠዓሊ
የዮሐን ማርቲን ቤርናትስ ሕይወትና ሥራ

እኛ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ተወልደን ያደግን ልጆች ተራራንና ገደልን የምናውቀው በእግራችን ነው። የጓሳን ውርጭ፣ የወንጪትንና የጀማን በረሓ፣ የቁልቁለቱን ድካምና የአቀበቱን ላብ ማንም ሊነግረን አያሻም። ነገር ግን ከተራራው ፊት ለፊት ተቀምጦ መልኩን እንዳለ በወረቀት ላይ ማሳረፍ በአባቶቻችን ዘንድ የተለመደ ሥራ አልነበረም። የሸዋን ተራሮች በዚህ ዐይነት ተመልክቶ የሣለ አንድ ጀርመናዊ ግን ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ በፊት ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። ስሙ ዮሐን ማርቲን ቤርናትስ ይባላል። የሸዋን ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ የገለጠ ሰው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን መልክ አይቶ ይሆናል፤ ያ ሥዕል የቤርናትስ የእጁ ሥራ ነው። ስለዚህ ስሙን ባናውቀው እንኳ ሥራው ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ የእኛ አቈጣጠር ሲሆን ዓ.ም. የሚል ይጨመርበታል።

ቤርናትስ የተወለደው በ1802 በራይን ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በስፓየር ከተማ ነው። ስፓየር በታላቅ ጥንታዊ ካቴድራልዋ የታወቀች ከተማ ናት። እርሱ በተወለደበት ጊዜ ከተማዪቱ በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ናፖሌዎን ከወደቀ በኋላ ግን ለባቫርያ መንግሥት ተሰጠች። እንግዲህ ቤርናትስ የልጅነቱን ዘመን ያሳለፈው የመንግሥታት ድንበር በሚናወጥበትና ሠራዊት በሚመላለስበት አገር ነበር። ካደገ በኋላ በሕንፃና በመልክዐ ምድር ሥዕል የታወቀ ባለሙያ ሆነ። የሕንፃ ሥዕል መሥመርን ማቅናትን፣ ርቀትን መመጠንንና ትዕግሥትን ይጠይቃል። ይህም ልማድ በኋላ ተራሮችን በሣለ ጊዜ ጠቅሞታል።

የዚህን ሰው ሥራ ለመረዳት የነበረበትን ዘመን መንፈስ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀደም ባለው ጊዜ በኤውሮፓ ብዙ ሰዎች ተራራን የሚመለከቱት እንደ መንገድ መሰናክል አድርገው ነበር። ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ግን ሮማንቲክ የተባለው የአስተሳሰብና የኪነ ጥበብ ዘመን መጣ። የዚህ ዘመን ሰዎች በተራራ፣ በጉምና በገደል ፊት የሰው ልጅ ትንሽነቱ እንደሚታወቀውና ልቡናውም ከፍ እንደሚል ያምኑ ነበር። ከሠዓሊዎቻቸው መካከል ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ የሚባለው ጀርመናዊ ዋነኛው ነው። እርሱ ከ1774 እስከ 1840 የኖረ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ስሙ የታወቀው በቀለም ቅብ ሥዕሎቹ ሳይሆን ሴፒያ በሚባለው ቡናማ ቀለም በወረቀት ላይ በሠራቸው ሥዕሎች ነበር። ሴፒያ የሚገኘው ከአንድ የባሕር እንስሳ ከረጢት ነው። ሠዓሊው ቀለሙን በውሃ እያቀጠነ የቅርቡን ዐለት ጠቆር፣ የሩቁን ተራራ ሣሣ እያደረገ በአንድ ቀለም ብቻ የአየሩን ጥልቀት ሊያሳይ ይችል ነበር።

የፍሪድሪኽ ወዳጅ ከሆኑት ሊቃውንት አንዱ ጎትሂልፍ ሃይንሪኽ ፎን ሹበርት ነበር። ይህ ሊቅ ስለ ተፈጥሮና ስለ ሰው ነፍስ በጻፋቸው መጻሕፍት በሮማንቲክ ሰዎች ዘንድ እጅግ የተከበረ ነበር፤ ከ1827 ጀምሮም በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ሹበርት በ1836 ወደ ግብፅ፣ ወደ ሲና ተራራና ወደ ኢየሩሳሌም ለመጓዝ ሲነሣ ሁለት የተፈጥሮ ሳይንስ ባለሙያዎችን ይዞ ነበር፤ እነርሱም ሮትና ኤርድል ይባላሉ። ሠዓሊ ሆኖ የሄደው ግን ቤርናትስ ነው። በዚያ ጉዞ ባሮሜትር በሚባለው የአየር ክብደት መለኪያ ሲለኩ ሙት ባሕር ከባሕር ወለል በታች መሆኑን በ1837 ተረዱ። ቤርናትስም የቅዱሳት መጻሕፍትን ቦታዎች የሚያሳዩ 40 ሥዕሎችን ይዞ ተመለሰ፤ እነርሱም በ1839 ታተሙ። በዚህ ጉዞ ከአዋቂዎች ጋር መሥራትንና ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መመዝገብን ተማረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤርናትስን በሕንድ አገር እናገኘዋለን። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ኤደንን በ1839 ይዘው ነበር፤ በቀይ ባሕር ማዶ ስላሉት አገሮችም ብዙ ማወቅ ይፈልጉ ነበር። በሸዋ ደግሞ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የጦር መሣሪያና የእጅ ጥበብ ይፈልጉ ስለ ነበር ከእንግሊዞች ጋር ወዳጅነት ለመመሥረት ደብዳቤ ልከው ነበር። በዚሁ ምክንያት የቦምቤይ መንግሥት በካፒቴን ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ የሚመራ መልእክተኛ ወደ ሸዋ ላከ። ከመልእክተኛው ጋር ሐኪሞች፣ ወታደሮችና ባለሙያዎች ነበሩ። የተፈጥሮ ሳይንስ ባለሙያው ቀድሞ ወደ ኢየሩሳሌም አብሮት የሄደው ዶክቶር ሮት፣ ሠዓሊው ደግሞ ቤርናትስ ሆኑ። ፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ ለዓለም የተገለጠው በ1839 ስለ ነበር በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበረ፤ ስለዚህ አንድን አገር ለማያውቁት ሰዎች ለማሳየት የሠዓሊ ዐይንና እጅ የግድ ያስፈልግ ነበር።

ጉዞው የተጀመረው በግንቦት ወር 1841 (1833 ዓ.ም.) ነው። ከኤደን በመርከብ ተሻግረው በታጁራ ወረዱ። ከዚያም በግመል ወደ አሳል ሐይቅ አመሩ። አሳል ከባሕር ወለል ወደ 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ዳርቻው ሁሉ በጨው የነጣ፣ ሙቀቱ እጅግ የከፋ ስፍራ ነው። ሙት ባሕርን አይቶ የነበረው ሠዓሊ እነሆ ሌላ የዝቅታ ባሕር አየ፤ እርሱንም ሣለ። በመንገድም ሳሉ በአንድ ሸለቆ ውስጥ በሌሊት ከጓደኞቻቸው ሦስቱ ተኝተው ሳለ ተገደሉባቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የአዳልን በረሓ ጨርሰው አዋሽን ተሻገሩና በሐምሌ ወር፣ ክረምቱ በገባበት ጊዜ፣ ከሸዋ ደጋ ግርጌ ደረሱ። ከአሳል እስከ አንኮበር ያለው ከፍታ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ይበልጣል። ከጨው በረሓ የመጣ ሰው በአንድ ጊዜ ጉም፣ ጥድ፣ የገብስ ማሳና ቀዝቃዛ ነፋስ ሲያጋጥመው ምን እንደሚሰማው ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ቤርናትስ ሸዋን በደረሰ ጊዜ ዕድሜው 39 ዓመት ነበር። አገሩን የሚገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 (1805 ዓ.ም.) ጀምረው በዙፋን ላይ ነበሩ። የእነዚህ ነገሥታት ዘር የተነሣው ከእኛው ከመንዝ ነው፤ አባታቸው ነጋሢ ክርስቶስ የመንዝ አጋንቻ ሰው ነበሩ። ልጆቻቸውም ከመንዝ ወደ ይፋትና ወደ ተጉለት እየገፉ መንግሥታቸውን አስፍተዋል። ሣህለ ሥላሴ አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ በሞቱ ጊዜ በሰላ ድንጋይ በትምህርት ላይ እንደ ነበሩ ይነገራል። እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅም በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ሰፊ አገር ያስተዳድሩ ነበር። እንግዲህ ሠዓሊው ያየው ቤተ መንግሥት በአንኮበርና በአንጎለላ ቢሆንም ሥሩ በመንዝ ምድር የተተከለ ነበር።

የዚያ ዘመን ተጓዥ ሠዓሊ የሚሠራው በዚህ ዐይነት ነው። መጀመሪያ ከፍ ባለ ስፍራ ይቀመጥና የተራራውን ጀርባ፣ የገደሉን አፋፍና የወንዙን አካሄድ በእርሳስ በፍጥነት ይነድፋል። ቀጥሎ ዝናብና ፍቆት እንዳያጠፋው መሥመሩን በብርዕና በቀለም ያጸናዋል። ከዚያም በድንኳን ውስጥ ሆኖ የጥላውንና የብርሃኑን ስፍራ በቀጭን ቀለም ይቀባል፤ የማይያዘውን ደግሞ በጽሑፍ ያስታውሳል። ይህ ሥራ በሸዋ ደጋ ላይ ቀላል አይደለም። በክረምት ጉሙ ከቆላ ተነሥቶ አፋፉን በደቂቃዎች ውስጥ ይሸፍነዋል። ነፋሱ ወረቀቱን ይነጥቃል፤ ብርዱ ጣትን ያደነዝዛል።

ቀለምና ብርዕ ለአገራችን እንግዳ አልነበሩም። በመንዝና በተጉለት ገዳማትና አድባራት ጸሐፍት ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከሌላም ነገር እየቀመሙ፣ የመቃ ብርዕ እየቀረጹ፣ በብራና ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ጽፈዋል። የቅዱሳንን ስም በቀይ ለይተው ጽፈዋል። ሥዕላችንም የራሱ ሕግ ነበረው፤ ጻድቅ ሰው በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ሲሣል፣ ክፉ ሰው ወይም ሰይጣን በአንድ ዐይኑ በጎን ይሣል ነበር። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጥበብ ውስጥ ተራራው ለብቻው የሥዕል ነገር ሆኖ አልቀረበም፤ ቀለሙ ለቃለ እግዚአብሔር፣ ሥዕሉም ለቤተ ክርስቲያን ነበርና። ቤርናትስ ያመጣው አዲስ ነገር ቀለሙ ሳይሆን ቀለሙን የሚያውልበት ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

ሥዕሎቹ ዛሬ ለእኛ የሚናገሩት ብዙ ነው። አንኮበር በሾጣጣ ኮረብታዋ ላይ ተቀምጣ ትታያለች፤ ከላይ የንጉሡ ግቢ፣ ከሥር በየደረጃው የሣር ክዳን ቤቶችና ዛፎች ይታያሉ። አንጎለላም በሜዳማው ደጋ ላይ አለች። ንጉሡ ለፍርድ ተቀምጠው ሕዝቡ አቤት ሲልም ተሥሎአል። የሸዋ ተራሮች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እየፈሰሰ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተሠሩ ስለ ሆኑ ገደላቸው እንደ ደረጃ ተነባብሮ ይታያል፤ የተራራን መሥመር በጥንቃቄ የሚከተል እጅ ይህንን የምድር ታሪክ ሳያውቀው ይጽፈዋል። ደግሞም በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ባሕር ዛፍ ፈልጎ የሚያገኝ የለም፤ ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ስለ ሆነ ነው። ዛሬ በየኮረብታው ባሕር ዛፍ የምናይ ተማሪዎች የአያቶቻችን አያቶች ያዩት ደጋ ሌላ መልክ እንደ ነበረው ከዚህ እንረዳለን።

የመልእክተኛው ዋና ጉዳይ የተፈጸመው በኅዳር ወር 1841 (1834 ዓ.ም.) ነበር። በዚያን ጊዜ በሣህለ ሥላሴና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል 16 አንቀጽ ያለው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ነገር ግን ከውሉ ይህን ያህል ፍሬ አልተገኘም። መልእክተኛው በ1843 ከሸዋ ተመለሰ። ካፒቴን ሃሪስ ስለ ጉዞው በሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1844ም የሰር ማዕረግ ተሰጠው። የሠዓሊው ስም ግን በአለቃው ስም ጥላ ሥር ቀረ። ቤርናትስ ወደ ባቫርያ ሄዶ በሙኒክ ተቀመጠና ንድፎቹን ለኅትመት ማዘጋጀት ጀመረ።

በዚያን ዘመን ሥዕልን አብዝቶ ለማተም የሚያገለግለው ጥበብ ሊቶግራፊ ወይም የድንጋይ ኅትመት ነበር። ይህን ጥበብ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሙኒክ የፈለሰፈው አሎይስ ዜነፌልደር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ ቀለም ይሣላል፤ ድንጋዩ በውሃ ይረጥባል፤ ቅባት ውሃን ስለማይቀበል፣ የማተሚያው ቀለም ሲዳመጥበት በተሣለው ስፍራ ላይ ብቻ ይጣበቃል። ከዚያም ወረቀት ይጫንበታል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ምርጥ ድንጋይ የሚቈፈረው በባቫርያ ውስጥ ዞልንሆፈን በሚባል ስፍራ ነው። የሸዋ ተራራ በባቫርያ ድንጋይ ላይ ተሣለ ብንል ከእውነት አንርቅም። ቤርናትስ ከተመለሰ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1852፣ ኢትዮጵያን የሚያሳዩት 48 ሥዕሎቹ በሁለት ክፍል ታተሙ። የመጀመሪያው ክፍል የአዳልን ቆላ፣ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ ያሳያል። ለእያንዳንዱም ሥዕል ራሱ መግለጫ ጽፎለታል።

ይሁን እንጂ የአንድን ሰው ሕይወት ስንጽፍ የሚመሰገነውን ብቻ ማንሣት ተገቢ አይደለም። ቤርናትስ የመጣው በራሱ ፈቃድ አገር ሊጐበኝ ሳይሆን በእንግሊዞች መልእክት ውስጥ ተቀጥሮ ነው። የመልእክቱም ዓላማ ንግድን ለመክፈትና አገሩን ለማወቅ ነበር፤ አገርን ማወቅ ደግሞ ለኃያላን መንግሥታት አንዱ የኃይል መንገድ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ ያለ እርሳቸው ፈቃድ የውጭ ሰው በአገራቸው እንደ ልቡ ሊዘዋወር አይችልም ነበር። ስለዚህ ሥዕሎቹ የሚያሳዩት በተለይ ንጉሡ የተቀመጡባቸውንና መልእክተኛው ያለፈባቸውን ስፍራዎች ነው። ደግሞ የሮማንቲክ ዘመን ሠዓሊ ሰውን በታላቅ ተራራ ፊት አሳንሶ ማሳየት ይወድ ነበር። ለውበት መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚያ ገደል ላይ የሚያርሰው ገበሬ ስሙ ማን ነው፣ ግብሩስ ስንት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ አይሰጥም። አንድን አገር በእንግዳ ዐይን ብቻ የሚያውቅ ሰው እንግዳው የቆመበትን ስፍራ ብቻ ያያል።

ይህም ሆኖ ያለ ቤርናትስ የምናጣው ምን እንደ ነበር ማሰብ ይገባል። ሣህለ ሥላሴ በ1847 ሞቱ። በ1855 (1848 ዓ.ም.) ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮትም በዚያው ጊዜ በሕመም ዐረፉ። ዛሬ ሣህለ ሥላሴ የኖሩበት የእንጨትና የሣር ቤተ መንግሥት በአንኮበር ኮረብታ ላይ አይገኝም። መልእክተኛው ከሄደ በኋላ በ1844 (1836 ዓ.ም.) ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላም የጥንት ግርማዋ አልቀረላትም። እንጨት ይበሰብሳል፤ ሣር ይቃጠላል፤ የሽማግሌዎችም ትዝታ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል። በወረቀት ላይ የሰፈረው ግን እስከ ዛሬ ቆየ።

ቤርናትስ በ1878 በሙኒክ ሞተ፤ ዕድሜው 76 ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ከደብረ ብርሃን አጠገብ በልቼ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛና ምኒልክ ታረቁ፤ ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ መሆናቸው ጸና። ሠዓሊው የሣለው የሣህለ ሥላሴ ቤት በልጅ ልጃቸው እንደገና የቆመው በዚህ ዐይነት ነው።

እግዚአብሔር ግን የአንኮበርን ተራሮች ለእንግዳ ዐይን ብቻ አልተዋቸውም። በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. በዚያችው በአንኮበር አፈወርቅ ተክሌ ተወለዱ። በወጣትነታቸው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ቢላኩም ልባቸው ወደ ሥዕል ስላዘነበለ ትምህርታቸውን ለውጠው ሠዓሊ ሆኑ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ታላቁ የመስተዋት ሥዕል የእርሳቸው ሥራ ነው። በ2004 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ስማቸው በዓለም የተከበረ ነበር። አንዱ ከራይን ዳር መጥቶ አንኮበርን ለዓለም አሳየ፤ ሌላው ከአንኮበር ወጥቶ አፍሪካን ለዓለም አሳየ።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ ክቡራን መምህራንና ወላጆች! የቤርናትስ ሕይወት የሚያስተምረን ከባድ ነገር አይደለም። እርሱ የነበረው እርሳስ፣ ብርዕ፣ ጥቂት ቀለምና ብዙ ትዕግሥት ነው። እኛም እነዚህን አናጣም። የመንዝ የድንጋይ ቤቶች፣ በጓሳ ሣር ላይ የሚሰማራው ጭላዳ፣ የሰላ ድንጋይ አፋፍ፣ የመርሐ ቤቴ አምባዎችና የሞፈር ውሃ ገደል ባለቤታቸው እኛ ነን፤ ስማቸውን፣ ታሪካቸውንና የሚያርሳቸውን ሰው ከማንም እንግዳ ይልቅ እናውቃለን። ዛሬ ተራራውን በስልክ ማንሣት የአንድ ቅጽበት ሥራ ነው፤ ሠዓሊ ግን አንዱን ገደል ለመሣል ግማሽ ቀን አፍጥጦ ያየዋል፤ አፍጥጦ ያየውንም አይረሳውም። ስለዚህ በሰንበት ዕረፍት አንዳንዶቻችን ወረቀት ይዘን ወደ አፋፉ ብንወጣ፣ መምህሮቻችንም የሥዕልን ትምህርት እንደ ጨዋታ ሳይሆን እንደ አገር መዝገብ ቢቈጥሩልን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጡት ልጆች የአገራቸውን መልክ ለማየት የሌላ አገር መጽሐፍ ብቻ ከመፈለግ ይድናሉ።